የጆርናል ውሰት የመለስኩ ለታ

ገጽ ሁለት መቶ አሥራ ሰባት ያለ አውራ ጣት መጣ!

ይህ ዜና ትናንት ዓርብ ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ተኩል ላይ ሲደርሰኝ «ጸጥታ ይከበር» ከሚል ማስታወቂያ ሥር ቆሜ ነበር። እልል አልኩ። ረጅም እልልታ አልነበረም፤ መሐሉ ላይ የት እንዳለሁ ትዝ ብሎኝ ዋጥኩት። የተዋጠ እልልታ ከተለቀቀው የባሰ ድምፅ እንዳለው ያወቅሁት ያን ጊዜ ነው። ፊት ለፊቴ ያጠና የነበረ የምህንድስና ተማሪ «ውሃ ስጧት!» ብሎ ተነሣ።

ውሃውን ጠጣሁ። ምን ልበለው? «ስለ ነቀዝ የሚያወራ አንድ ገጽ መጥቶልኝ ነው» ይባላል? ለእናንተ ግን እነግራችኋለሁ። ጥፋቱ ከጫፍ እስከ ጫፍ የኔ ስለሆነ ከኔ በላይ የሚያውቀው የለም።

ዘንድሮ አሥራ አንደኛ ክፍል ጨርሼ ለክረምቱ በጎ ፈቃድ ስመዘገብ የፈለግሁት ችግኝ ተከላ ነበር። ችግኝ ተከላ መኪና አለው፣ ዘፈን አለው፣ ጓደኞቼ በሙሉ አሉበት። መዝጋቢው ግን የሞላሁትን ቅጽ አገላብጦ አየና «ጽሕፈትሽ ይነበባል» አለኝ። ምስጋና መስሎኝ አፈርኩ። ለካ ፍርድ ነበር። ጽሕፈታቸው የማይነበበው ሁሉ እየዘፈኑ ችግኝ ሊተክሉ ሲሄዱ፣ እኔ ከተማችን ውስጥ ወዳለ አንድ ዩኒቨርሲቲ ቤተ መጻሕፍት ተላክሁ፤ ለዚያውም አንድም መጽሐፍ ወደሌለበት ክፍል።

ክፍሉ የኤሌክትሮኒክ ጆርናሎችና የውሰት ክፍል ይባላል። ጆርናል ማለት ተመራማሪዎች ጥናታቸውን የሚያወጡበት መጽሔት ነው፤ ድሮ በወረቀት ይመጣ ነበር፣ አሁን አብዛኛው የሚነበበው በኮምፒውተር ነው። በክፍሉ ውስጥ ሁለት ኮምፒውተር፣ አንድ የበር ያህል የሚከብድ መዝገብ፣ እና የክፍሉ ኃላፊ ጋሽ ገመቹ አሉ። ጋሽ ገመቹ ሲደሰቱም ሲቆጡም «ኢንታላ ኮ» ይሉኛል፤ ልጄ ማለታቸው ነው። መደሰታቸውን ከመቆጣታቸው የምለየው በ«ኮ»ዋ ርዝመት ነው።

መጀመሪያ ቀን «የጆርናሎቻችንን ይዞታ ታስተካክያለሽ» አሉኝ። ይዞታ የሚሉት የትኛው ጆርናል ከየትኛው ዓመት እስከ የትኛው ዓመት እንዳለን የሚያሳየውን ዝርዝር ነው። እኔ ቤት ሄጄ ለእማዬ «ይዞታ ላይ መደቡኝ» አልኳት። ስህተቴ የጀመረው እዚህ ነው ብል ይቀላል። እማዬ ኢንዱስትሪ ፓርክ ውስጥ ልብስ ስትሰፋ ነው የምትውለው፤ የምታውቀው ይዞታም አንድ ብቻ ነው፤ እሱም መሬት። የሰፈሩም ሰው እንደዚያው። በማግስቱ ጠዋት ጎረቤታችን እትዬ ፋንታዬ በፌስታል የተጠቀለለ ሰነድ በአንድ እጃቸው፣ ሁለት እንቁላል በሳህን በሌላው እጃቸው ይዘው በራችን ላይ ቆሙ።

«ልጄ፣ ከጓሮ ያለችው ሁለት ሜትር ካርታው ላይ አልገባችም። እስቲ እይልኝ።»

«እትዬ፣ የኔ ይዞታ የጆርናል ነው።»

«ይሁና! እሱስ ቢሆን አጥር የለውም?»

አጥር እንኳ አለው። ግን እንዴት ብዬ ላስረዳቸው? እንቁላሉን ተቀበልን። እማዬም ሳህኑን በበቆሎ እሸት ሞልታ መለሰች። «ባዶ ሳህን መመለስ ደጃፍ ላይ ቆሞ እንደ መሳደብ ነው» ትላለች። ይህን ስሰማ ነው ያደግሁት፤ በዚህም ምክንያት ነው የአንድ ዩኒቨርሲቲ ሰው በሙሉ ጆርናል ሳያነብ ሁለት ቀን ተኩል የዋለው። ወደሱ እመጣለሁ።

ስለ አጥሩ ልጨርስ። ጋሽ ገመቹ እንዳስረዱኝ፣ የኤሌክትሮኒክ ጆርናል «አለን» ማለት የኛ ነው ማለት አይደለም። እንደ ኪራይ ቤት ነው። ውሉ እስካለ ትገባላችሁ፣ ትቀመጣላችሁ፤ ግድግዳው ላይ ምስማር መምታት ግን አይቻልም። ውሉ ያለቀ ቀን አንዳንዱ የዘንድሮውን ብቻ ሳይሆን የድሮውንም ቆልፎባችሁ ይሄዳል። ሌላው ደግሞ ሁሉን ያሳይና የመጨረሻውን አንድ ዓመት ይደብቃል።

«ለምን ይደብቃል?» አልኳቸው።

«አራስ ነዋ» አሉኝ እየሳቁ። «ዓመት እስኪሞላው ሰው አያየውም።»

እኔ ደግሞ የተባልኩትን የምጽፍ ልጅ ነኝ፤ ጽሕፈቴም ይነበባል። ዝርዝሩ ላይ «ማስታወሻ» ከሚለው ቦታ በእያንዳንዱ እንዲህ ባለ ጆርናል ትይዩ «አራስ» ብዬ ሞላሁ። ዝርዝሩ ተማሪዎች ሁሉ የሚያዩት መሆኑን የነገረኝ አልነበረም። በሁለተኛው ቀን አንድ የእንስሳት ሕክምና ተማሪ ብቅ አለና በቁም ነገር «ይሄ ጆርናል ስንት ወሩ ነው?» ብሎ ጠየቀኝ። «ሰባት» አልኩት። አመስግኖኝ ሄደ።

አሁን ወደ ነቀዙ።

ቲቸር ጫልቱ ሁሩታ ከተማ ባዮሎጂ ታስተምራለች። ክረምት ክረምት ወደኛ ከተማ ወደ አዳማ እየመጣች ማስተርሷን ስትማር ቆይታ ይህ የመጨረሻዋ ነው። መጀመሪያ «እርስዎ» ብያት ነበር፤ «ተይኝ እባክሽ፣ እርስዎ ስትይኝ ነቀዝ የገባብኝ ይመስለኛል» ስላለችኝ አንቺ ነው የምላት። ጥናቷ የተከማቸ ስንዴ ስለሚበላ ነቀዝ ነው። ስለሱ ስታወራ ስለ ክፉ ጎረቤት የምታወራ ትመስላለች፤ ትጠላዋለች፣ ግን መውጫ መግቢያውን ታውቃለች።

ችግሯ አንድ የድሮ ጽሑፍ ነበር። በረቂቋ ውስጥ ጠቅሳዋለች፤ ግን ራሱን አላየችውም፣ ሌሎች ስለሱ የጻፉትን ነው ያየችው። አማካሪዋም በቀይ እስክሪብቶ «ዋናውን አንብበሻል?» ብለው ጽፈውባታል። ጉዱ ደግሞ አንዱ መጽሐፍ «ያ ጥናት ከጭቃ ጎተራ ጆንያ ይሻላል ብሏል» ሲል፣ ሌላው መጽሐፍ «ያው ጥናት ከጆንያ የጭቃ ጎተራ ይሻላል ብሏል» ይላል። የጫልቱ ጥናት ግማሹ በዚች ላይ የቆመ ነው። ጽሑፉ ስምንት ገጽ ነው፤ ከ214 እስከ 221። የዚያ ጆርናል የኛ ይዞታ የሚጀምረው ደግሞ ጽሑፉ ከወጣ ከአራት ዓመት በኋላ ነው።

«ዓርብ እስከ አሥራ አንድ ሰዓት አስተካክዬ ካላስገባሁ ዲፌንሴ ወደ ከርሞ ክረምት ይዞራል» አለች ጋሽ ገመቹን፤ ዲፌንስ ማለት ጥናቷን በፈታኞች ፊት የምትከላከልበት ነው። «ከርሞ ደግሞ ርዕሰ መምህሩ አይለቁኝም። ዘንድሮም በሽማግሌ ነው የለቀቁኝ።»

«ቶሌ» አሉ ጋሽ ገመቹ፤ እሺ ማለታቸው ነው። ሰሜን ያለ የአንድ ትልቅ ዩኒቨርሲቲ ቤተ መጻሕፍት ጥራዙ በወረቀት እንዳለው አዩና የውሰት ጥያቄ ላኩ። እዚያ የውሰቱን ሥራ የሚሠሩት ወይዘሮ ስንዱ የሚባሉ ሴት ናቸው። በአካል ተያይተው አያውቁም፤ ግን ለብዙ ዓመት በኢሜይል ሲዋዋሱ ኖረዋል። ያ የሆነው ሰኞ ነው።

ማክሰኞ የጋሽ ገመቹ አጎት ማረፋቸው ተሰማና አዳሚ ቱሉ ለቅሶ ሊሄዱ ተነሡ። ከመሄዳቸው በፊት ሁለት ነገር አዘዙኝ። «የስንዱ መልስ እንደመጣ ለጫልቱ ደውዪላት። ሥራ ከፈታሽ ደግሞ መዝገቡን እይ፤ የጎደለ ካለ ሙዪ።»

ረቡዕ ሥራ ፈታሁ። መዝገቡን ገለጥኩ። ለውሰቱ ሦስት ዓምድ አለው፤ የተጠየቀበት ቀን፣ የመጣበት ቀን፣ የተመለሰበት ቀን። ሁለቱ ሞልተዋል። ሦስተኛው ባዶ ነው። ገጹን ገለበጥኩ፤ ባዶ። አሁንም ገለበጥኩ፤ ባዶ! ስድሳ ሦስት ጽሑፍ ከወይዘሮ ስንዱ ቤተ መጻሕፍት ተውሰን አንድም አልመለስንም! ፊቴ በኀፍረት ጋለ። እኚህ ሴትዮ ይህን ሁሉ ዘመን ዝም ብለው ሰጥተውናል። አሁን ደግሞ ስድሳ አራተኛውን እንጠይቃለን። እኔ ብሆን አልሰጥም።

ቀኑን ዝም ብሎ መሙላት ይቻል ነበር። ያ ግን ውሸት ነው። መጀመሪያ መመለስ፣ ከዚያ መጻፍ ነው እንጂ!

ጽሑፎቹ ኮምፒውተሩ ውስጥ በየስማቸው ተቀምጠዋል። አንድ በአንድ ለወይዘሮ ስንዱ መመለስ ጀመርኩ፤ «ስላቆየንብዎት ይቅርታ፤ የተዋስነውን መልሰናል» እያልኩ። ሦስተኛው ላይ ስደርስ እጄ ቆመ። ይህን ያህል ዓመት የቆየ ዕቃ ባዶውን ሊመለስ ነው? እማዬ ብታይ ምን ትላለች? ስለዚህ ከእያንዳንዱ ጋር ከኛ ይዞታ አንድ ተጨማሪ ጽሑፍ እያወረድኩ ማያያዝ ያዝኩ፤ እንደ በቆሎ እሸት። በዘፈቀደ እንዳይመስላችሁ። ስለ ፍየል ሳል ከነበረ ስለ በግ ሳል ጨመርኩ። ስለ ሽንኩርት ከነበረ ስለ ነጭ ሽንኩርት። አንዱ ስለ ድልድይ ነበር፤ ለድልድይ ምን ይጨመራል? ተጨነቅሁና ስለ ወንዝ ጨመርኩ።

የገረመኝ የወይዘሮ ስንዱ ጨዋነት ነው። አንዱን ልኬ እጄን ሳላነሣ መልስ ይመጣል፤ «መልእክትዎ ደርሶናል። ከልብ እናመሰግናለን።» እንዲህ ተብሎ ዝም ይባላል? «ምንም አይደል» ብዬ እመልሳለሁ። ወዲያው «መልእክትዎ ደርሶናል። ከልብ እናመሰግናለን።» «ኧረ እኛ ነን የምናመሰግነው» እላለሁ። «መልእክትዎ ደርሶናል። ከልብ እናመሰግናለን።» እኔም በጨዋነት የምሸነፍ ልጅ አይደለሁም፤ እስከ ምሳ ሰዓት ተናነቅን። በመሐል እንኳ «ምሳዎን ይብሉ እንጂ» ብዬ ጽፌያለሁ። «ከልብ እናመሰግናለን» አሉኝ። አልበሉም ማለት ነው።

ከምሳ በኋላ ስድሳ ሦስተኛውን መለስኩና ሦስተኛውን ዓምድ ከላይ እስከ ታች በሚነበበው ጽሕፈቴ ሞላሁ። ወዲያው ኮምፒውተሩ ላይ አንድ ቀይ ጽሑፍ ወጣ፤ ከዚህ ዩኒቨርሲቲ ያልተለመደ የማውረድ እንቅስቃሴ ስለታየ የጆርናል አገልግሎቱ ታግዷል ይላል። በጣም ተናደድኩ። ማን ይሆን ይህ ሌባ? ጋሽ ገመቹ ለቅሶ የሄዱበትን ጊዜ ጠብቆ!

ከአሥር ደቂቃ በኋላ በራችን ላይ ሰልፍ ነበር። መምህሩም ተማሪውም «ለምን አይከፈትም?» ይላል። የእንስሳት ሕክምናው ተማሪ ከሩቅ «አራሷ ሞተች እንዴ?» ብሎ ጮኸ። እኔም ከነሱ ጋር ሆኜ ሌባውን ረገምኩ።

ሐሙስ ጠዋት ቲቸር ጫልቱ ባጃጅ ከነአቧራው አውርዷት ገባች።

«መጣልኝ?»

«እስካሁን አልመጣም።»

«እስቲ ኢሜይሉን ክፈቺው።»

ከፈትኩት። ከላይ «ሳጥኑ ሞልቷል፤ አዲስ መልእክት መቀበል አይቻልም» ይላል። ከሥሩ ያለው በሙሉ «ከልብ እናመሰግናለን» ነው። ጫልቱ ወደ ታች ወረደች፤ ወረደች፤ አሁንም ወረደች። ከዚያ ቀስ ብላ ወደኔ ዞረች።

«ይሄ ሁሉ ምስጋና የምንድን ነው?»

«ውሰታችንን መልሼ ነው» አልኩ በኩራት።

አልጮኸችም። ወንበሩ ላይ ተቀመጠችና ቦርሳዋን ጭኗ ላይ አቅፋ «ሦስት ክረምት» አለች። ያን ጊዜ ነው ሌባው ማን እንደሆነ የተገለጠልኝ።

ጋሽ ገመቹ ጋ ደወልኩ። ከኋላቸው ልቅሶ ይሰማል።

«ኢንታላ ኮ፣ ሰላም ነው?»

«ጋሼ፣ መለስኩት።»

«ምኑን?»

«ውሰቱን። ሁሉንም። ከነጭማሪው።»

«ስድሳ ሦስቱንም?»

«አዎ።»

«ልጄ፣ የመጣልን እኮ ቅጂ ነው! እናትየው እዚያው መደርደሪያዋ ላይ ናት። ቅጂ ይመለሳል? ያ ዓምድ መጽሐፍ በፖስታ በሚመጣበት ዘመን የተሠመረ ነው።»

«ታዲያ የማይመለስ ከሆነ ለምን ውሰት ይባላል?»

አንድ የታፈነ ድምፅ ብቻ ሰማሁ፤ ሳቅ ነበር፣ መሐሉ ላይ ወደ ልቅሶ አዞሩት። ኋላ እንደነገሩኝ ዘመዶቻቸው ትከሻቸውን ይዘው «አይዞህ፣ አጎትህን እንደምትወድ እናውቃለን» እያሉ አጽናንተዋቸዋል። «ስንዱ ጋ ደውዪ» አሉኝ ሲረጋጉ። «ስልኳ መዝገቡ ሽፋን ላይ አለ። እውነቱን ንገሪያት።»

ቀኑን ሙሉ ስንደውል መስመሩ እምቢ አለ። ዓርብ ረፋድ ላይ ተነሣ። ጫልቱ አጠገቤ ቆማ ጥፍሯን ትበላለች።

«ሄሎ፣ ጤና ይስጥልኝ። ከአዳማ ነው።»

«ከአዳማ?» ድምፁ ቀዘቀዘ። «እናንተ ናችሁ?»

«እኔ ነኝ።»

«‹ምንም አይደል› ስንት ጊዜ ነው የሚባለው፣ ልጄ?»

«እርስዎ አመሰግናለሁ ሲሉኝ ነዋ!»

«እኔ መቼ አልኩ? ማሽኑ ነው! እኔ ስብሰባ ላይ ነበርኩ!»

«ማሽንዎ በጣም ጨዋ ነው» አልኩ።

ወይዘሮ ስንዱ ሳቃቸው መጣ። «የኮምፒውተር ሰዎቻችን ቫይረስ ነው ብለው አድራሻችሁን ዘግተውታል። እኔ ደግሞ እዚህ ስሠራ የተወሰደው መጽሐፍ ሳይመለስ ቀርቶ ስንቱን ሰው ለምኛለሁ መሰለሽ። የማይመለሰውን የመለሰልኝ ሰው ግን ያየሁት አንቺን ብቻ ነው። የወንዙ ጽሑፍ ለምን እንደመጣ ግን አልገባኝም።»

«ለድልድዩ ነው» አልኩ። ከዚያ ትንፋሽ ሳልወስድ ስለ ጫልቱ፣ ስለ ቀዩ እስክሪብቶ፣ ስለ አሥራ አንድ ሰዓት ነገርኳቸው።

«የነቀዙን? ትናንት ልኬው ሳጥናችሁ ሞልቶ ተመለሰብኝ እኮ! አሁን ደግሞ መብራት የለም፤ ኮምፒውተሩ አይሠራም።» አሰቡ። «ቴሌግራም አለሽ?»

እንዲህ ሆኖ የሁለት ዩኒቨርሲቲዎች የውሰት አገልግሎት በኔ ስልክ ላይ ተጀመረ። ወይዘሮ ስንዱ ጥራዙን መስኮት ላይ ዘርግተው በስልካቸው ያነሣሉ፣ ይልካሉ። 214 መጣ። 215 መጣ። ኔትወርኩ እንደ ጤፍ እየለቀመ ነበር የሚያመጣው። በመሐል ጋሽ ገመቹ ከአዳሚ ቱሉ ከነጥቁር ልብሳቸው ገቡ፤ ቦርሳቸውን ሳያስቀምጡ ከኋላችን ቆመው ያዩ ጀመር። 217 ሲመጣ ጫልቱ ስልኩን ከእጄ ነጠቀችኝ። የምትፈልገው ሰንጠረዥ እዚያ ነው፤ ጆንያው በአንድ በኩል፣ ጎተራው በሌላ በኩል። ልክ ሰንጠረዡ መሐል ላይ ደግሞ የወይዘሮ ስንዱ አውራ ጣት ተኝቷል።

ጫልቱ ምስሉን አሰፋችው። ጣቱም አብሮ ሰፋ። ጥፍሩ ላይ ያለው ቀለም ሳይቀር በግልጽ ይታያል። ጋሽ ገመቹ መነጽራቸውን አድርገው ጠጋ አሉና «ይሄን ሁሉ ዘመን ስንጻጻፍ ጣቷን እንኳ አላየሁም ነበር» አሉ።

«ጣትዎን ያንሡልን» ብዬ ጻፍኩ። እንዳይከፋቸው ፈርቼ «ጣትዎ ያምራል፤ ግን ጎተራው ላይ ነው» ብዬ ጨመርኩበት። መልስ የለም። ደወልን፤ ስልካቸው ዝግ ነው። ስምንት ሰዓት ሆነ። ጋሽ ገመቹ ጆርናሉን ላገደው አሳታሚ የይቅርታ ደብዳቤ አስጻፉኝ፤ ማንም ሌባ እንደሌለ፣ አንዲት ልጅ ብቻ እንዳለች። እኔ እጽፋለሁ፣ ጫልቱ መስኮት ለመስኮት ትመላለሳለች። ዘጠኝ ሰዓት ሆነ። ጫልቱ መመላለሷን አቁማ ሁለት ጊዜ ሰዓቷን፣ አንድ ጊዜ እኔን አየች። እኔ ብወቀስ ይሻለኝ ነበር። አልተቻለኝም፤ ስልኬን ይዤ ኔትወርክ ፍለጋ ወደ ንባብ አዳራሹ ወጣሁ። እዚያ ነው ዜናው የደረሰኝ። ወይዘሮ ስንዱ የስልካቸው ባትሪ አልቆ፣ የሥራ ባልደረባቸውን ስልክ ተውሰው፣ ጣታቸውን ወደ ጠርዙ ሰብስበው እንደገና አንሥተውት ነበር፤ የቀሩትንም ገጾች አስከትለው ላኩ።

ጫልቱ ሰንጠረዡን አየች። አንድ ጊዜ በጣቷ ተከትላ አነበበች፣ ደገመችው፣ ከዚያ «አንደኛው መጽሐፍ ዋሽቷል!» ብላ ኮምፒውተሩ ላይ ተደፋች። አሥራ አንድ ሰዓት ሊሆን ሃያ ደቂቃ ሲቀረው አስገባች። ጋሽ ገመቹ ደግሞ መዝገቡን ገልጠው ከላይ እስከ ታች የሞላሁትን ሦስተኛውን ዓምድ ረጅም ጊዜ ሲያዩ ቆዩና «እንዲህ የተሟላ መዝገብ ለኦዲተር አቅርቤ አላውቅም» አሉ። እገዳው ዛሬ ጠዋት ተነሥቷል። ከአሳታሚው «ደብዳቤዎ ደርሶናል፤ እናመሰግናለን» የሚል መልስ መጥቶልኛል። ምንም አልመለስኩም።

አሁን የቀረው ዲፌንሱ ነው፤ ረቡዕ ጠዋት ሦስት ሰዓት፣ ከቤተ መጻሕፍቱ ጀርባ ያለው አዳራሽ። ጫልቱ እንደነገረችኝ በሩ ለማንም ክፍት ነው፤ ግን ሰው ሁሉ ጥሪ የሚያስፈልገው ስለሚመስለው ማንም አይመጣም። ባለፈው የጓደኛዋ ጊዜ ከፈታኞቹ ሌላ የነበረው ፕሮጀክተሩ ብቻ ነው። «ለባዶ ወንበር ስለ ነቀዝ ማውራት ይከብደኛል» አለችኝ። «አንቺ ነይ፤ ያገኘሽውንም ሰው ይዘሽ ነይ።»

ያገኘሁት እናንተን ነው። ቤቱ ስንዴ ያለው ሁሉ ይምጣ፤ የሌለውም ይምጣ። ጆንያው ይሻላል ወይስ ጎተራው የሚለውን እኔ አውቀዋለሁ፣ ግን ከጫልቱ አፍ ስትሰሙት ይሻላል። በዋናው በር ግቡ። ዘበኛው «የማን ናችሁ?» ካላችሁ «የነቀዟ ነን» በሉት፤ ነግሬዋለሁ፣ ያስገባችኋል።